ከድስት በፊት ዶቃ

የሰው ልጅ ታሪክ ሲነገር እሳት ያነደደው ይመሰገናል፤ ድንጋይ የጠረበው ይወደሳል፤ እህል የዘራውማ ሐውልት ሊቆምለት ምንም አይቀረው። ዶቃ የበሳውን ግን የሚያነሳው የለም። እኔ በበኩሌ ይህ ሰው (ሴት ናት ባይ ነኝ፣ ግን አልከራከርም) ግፍ ተሠርቶበታል እላለሁ።

በሞሮኮ፣ ኤሳዊራ ከምትባለው የወደብ ከተማ ወጣ ብሎ ቢዝሙን የሚሉት ዋሻ አለ። ከዚህ ዋሻ 33 የተበሱ ትናንሽ የባሕር ዛጎሎች ተቆፍረው ወጥተዋል። እ.ኤ.አ. በ2021 ይፋ በሆነው ጥናት መሠረት ዕድሜያቸው ከ142,000 እስከ 150,000 ዓመት ይሆናል። (ከዚህ በኋላ የምጠራው ዘመን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፤ ዶቃ ስንቆጥር ውለን ደግሞ ዓመት አንደምርም።) የቀዳዳቸው ዳር ክር ሲፈትገው ኖሮ ለስልሷል። ዋሻው ከባሕሩ ራቅ ያለ ስለሆነ አንድ ሰው ይህን ዛጎል ብሎ በእግሩ ሄዷል፣ መርጧል፣ ተሸክሞ ተመልሷል። እርሻ የተጀመረው የዛሬ 10,000 ዓመት ገደማ ነው። የሸክላ ድስትም ቢሆን ዕድሜው 20,000 ዓመት ገደማ ነው። እንግዲህ አስቡት፤ ሰውየው ማሳ የለው፣ ድስት የለው፣ የሚቆልፈው በር የለው። አንገቱ ላይ ግን ዶቃ አለ።

በየቤታችን «መጀመሪያ ለሆድ፤ ጌጡ ይደርሳል» እያሉ ያሳደጉን አባቶች ይህን ቢሰሙ ምን እንደሚሉ አላውቅም። የኔው አባት ግን መልስ አያጡም፤ «ለዚህ ነዋ ዋሻ ውስጥ የቀረው» ነው የሚሉት።

ዋሻውን ትተን ግብፅ ብንገባም ነገሩ አይሻሻልም። ጌርዜህ በሚባል ጥንታዊ የመቃብር ቦታ በ1911 ዘጠኝ የብረት ዶቃዎች ተገኝተዋል። ዕድሜያቸው 5,200 ዓመት ገደማ ነው። ያን ጊዜ ማዕድን አቅልጦ ብረት ማውጣት ገና አልታወቀም። ታዲያ ከየት መጣ ሲባል፣ ከሰማይ ነው። ከተወርዋሪ ኮከብ ጋር የወረደ ብረት ነው። ባለሙያው ቀጥቅጦ ቀጥቅጦ እስኪሳሳ ድረስ አሳሳው፤ እንደ ቱቦ ጠቀለለው፤ ከወርቅና ከከበረ ድንጋይ ጋር በአንድ ክር ሰካው። ይህን ሳነብ በዚያ መንደር ሊኖር የሚገባውን ቁም ነገረኛ ሽማግሌ አሰብኩ። ከሰማይ ብረት ወርዶልን፣ ካራ ይሁን፣ የፍላጻ ጫፍ ይሁን፣ ቢጠፋ ቢጠፋ መርፌ ይሁን ብለው ሲሟገቱ ይታየኛል። የሚሰማቸው አላገኙም። ብረቱ ዶቃ ሆነ።

ስለዚህ አንድ ሰው በዶቃ ተታለለ ሲባል ስሰማ ቶሎ አላምንም። የዶቃ ገዢ በዓለም ላይ ካሉ ገዢዎች ሁሉ አስቸጋሪው ነው።

ስለ ማንሃታን የሚወራውን ያልሰማ የለም። ሆላንዶች ያቺን ዛሬ አንድ ክፍል ቤት የሚከራዩባት ሰዎች ደመወዛቸውን የሚገብሩላትን ደሴት ከአገሬው ሰዎች በአንድ እፍኝ ዶቃ ወሰዷት ይባላል። ሲነገርም ለተሸወደው የሚታዘን ይመስላል እንጂ ውስጡ ሳቅ ነው። ስለ ግዢው የሚናገር ደብዳቤ ግን አለ። በ1626 የተጻፈ ሲሆን፣ ደሴቲቱ በ60 ጊልደር ዋጋ ተገዛች ይላል። ዶቃ የሚል ቃል የለበትም። ዶቃውን የጨመሩት ከ200 ዓመት በላይ ቆይተው የመጡ ጸሐፊዎች ናቸው። ያለ ዶቃ ታሪኩ አልጣፈጣቸውም ማለት ነው። እነሱም ማጌጥ አማራቸው።

እውነተኛውን የዶቃ ገበያ ማየት ለፈለገ የእነ ሪቻርድ በርተንና የእነ ሄንሪ ስታንሌይ መጻሕፍት አሉለት። በርተን በ1855 ሐረር የገባው እንግሊዛዊ ነው። ከዚያ ወዲያ ደግሞ ከዛንዚባር ተነስቶ ወደ ታንጋኒካ ሐይቅ ተጓዘ። በዚያ መንገድ ያለ ዶቃ ውሃ እንኳ አይገኝም ነበር። በርተን በገበያው ወደ 400 ዓይነት ዶቃ እንዳለ ይጽፋል፤ እያንዳንዱ የራሱ ስምና ዋጋ፣ የራሱ ወዳጅ አገር አለው። ከሁሉ የምትበልጠው ነጭ መሠረት ላይ ቀይ የተለበጠችው ትንሿ ዶቃ ነበረች። ከስሞቿ አንዱ ወደኛ ሲመለስ «እህል ጨራሽ» ነው፤ ሰው ምሳውን ሰጥቶ ይገዛታልና። ሌላው ስሟ «ከተማ አፍራሽ» ነው፤ ሴቶቹ በእሷ ያብዱ ነበርና። ይህን የጻፈው በርተን ነው፤ እኔ የለሁበትም። ወንዶቹ ምሳቸውን ሸጠው እያደሩ ከተማ ያፈረሱት ሴቶቹ ተባሉ!

ስታንሌይ ደግሞ ዶክተር ሊቪንግስተንን ፍለጋ ሊወጣ በ1871 ዛንዚባር ላይ ስንቁን ሲያሰናዳ ከአንበሳውም ከወባውም ይልቅ ያስጨነቀው ዶቃ ነው። ጥቁሩ ዶቃ ኡጎጎ ላይ ገንዘብ ነው፤ ከዚያ ወዲያ የሚቀበለው የለም። እንቁላል የሚመስለው ኡጂጂ ይወደዳል፤ ሌላው ጋ «ምንድነው ይሄ?» ይባላል። ነጩ ኡፊፓ ይከበራል፤ ኡኮኖንጎ ይናቃል። ስለዚህ ነጭ ከጥቁር፣ ጥቁር ከቀይ ስንት ጆንያ እንደሚይዝ፣ በየአገሩ ስንት ቀን እንደሚቆይ እየገመተ ራሱን ሲያዞር ከረመ። ቢሳሳት ጆንያው ሁሉ ጠጠር ነው። በየመንደሩ የምትጠብቀው ደግሞ አንዲት ሴት ናት፤ ዶቃውን በጣቷ አንስታ ወደ ብርሃኑ ታሳየዋለች፣ በጥርሷ ትነክሰዋለች፣ ትመልሳለች። «ይሄ የዘንድሮ አይደለም።» (ይህችኛዋን ሴት እኔ ነኝ የጨመርኳት፤ ግን እንደነበረች አትጠራጠሩ። ሽሮ ሜዳ ቀሚስ ስታስለካ አይቻታለሁ።)

ወደኛ አገርም ብርጭቆ ሲገባ የቆየ ነው። በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን የተጻፈው የኤርትራ ባሕር የመርከበኞች መመሪያ አዱሊስ ወደብ ከሚራገፈው ዕቃ መሀል ልዩ ልዩ የብርጭቆ ሥራ ይጠቅሳል። በአክሱም ቁፋሮም የብርጭቆ ዶቃ ወጥቷል። ኋላ ጠገራ ብር በመጣ ጊዜ አያቶቻችን እንዲያው እጃቸውን ዘርግተው አልተቀበሉም። ንግሥቲቱ ማሪያ ቴሬዛ ትከሻዋ ላይ የሰካችውን ጌጥ ያያሉ፤ የከበቡትን እንቁዎች ይቆጥራሉ፤ ጎደለ ወይም ደበዘዘ ያሉትን ይመልሳሉ። የገንዘቡን እውነተኛነት የሚመሰክረው ጌጡ ነበር። ካመኑበት በኋላ ደግሞ ብዙውን ብር አንጥረኛ ቤት ወስደው ድሪና አልቦ አደረጉት። የቪየና ሰዎች ይህን ያህል ገንዘብ ሲያትሙ ለኢትዮጵያ አንጥረኞች ጥሬ ዕቃ እያቀረቡ መሆናቸው ታውቋቸው ይሆን?

ዶቃውን ለዓለም ሲያቀርብ የኖረው ዋናው ምድጃ ቬኒስ ነበር። በ1291 ከተማው እንዳይቃጠል ተብሎ ብርጭቆ አቅላጮቹ ከነእቶናቸው ሙራኖ ወደምትባል ደሴት እንዲዛወሩ ተደረገ። ከዚያ ደሴት የወጣው ዶቃ አፍሪካንና አሜሪካን አዳረሰ። ስለ አቅላጮቹ ብዙ ተጽፏል። እኔን ግን የሚማርኩኝ ዶቃውን በክር ይሰኩ የነበሩት የቬኒስ ሴቶች ናቸው። ኢምፒራሬሴ ይባሉ ነበር። ደጃፋቸው ላይ ወንበር አውጥተው ይቀመጣሉ፤ ጭናቸው ላይ በደቃቅ ዶቃ የተሞላ የእንጨት ገበታ አለ፤ በቀኝ እጃቸው እንደ ማራገቢያ የተዘረጉ ብዙ ረጃጅም ቀጫጭን መርፌዎች ይዘዋል። መርፌዎቹን ዶቃው ውስጥ ነከር፣ ቀና፤ ነከር፣ ቀና። ዶቃው በራሱ እየዘለለ መርፌው ላይ ይወጣል። አፋቸው ግን ሥራ አይፈታም፤ የሰፈሩ ወሬ በሙሉ አብሮ ይሰካል። ክፍያው እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ስታንሌይን ያስጨነቀው የዶቃ ጆንያ ከእንደነዚህ ዓይነት ሴቶች ደጃፍ የተነሳ ይመስለኛል። አንዷ ሰፈሯን እያማች የሰካችውን ሌላዋ በሌላው የዓለም ጫፍ ነክሳ ትመልሰዋለች።

ጉድ የሚባለው ደግሞ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ይኸው የቬኒስ ዶቃ ምዕራብ አፍሪካ ገብቶ መቶ ምናምን ዓመት በአንገት ላይ ከኖረ በኋላ፣ ወደ 1960ዎቹ ግድም ጸጉራቸውን ያስረዘሙ የአሜሪካና የአውሮፓ ወጣቶች አፍሪካዊ ነገር ፈልገው መጡ። የአፍሪካ ዶቃ ነው ብለው በደህና ገንዘብ ገዝተው ወደመጣበት መለሱት። ማሳዮችም በፖስት ካርድ ላይ የምናያቸው ያን የሚያምር ክብ የአንገት ጌጣቸውን ይዘው ቆመዋል። ቀድሞ በዘር ፍሬ፣ በሸክላና በአጥንት ይሠሩት የነበረውን በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ብርጭቆ ተካው፤ ዛሬ ዶቃው በብዛት የሚመጣው ከቼክ አገር ነው። የአገር ባህል አይደለም ለማለት ግን አልደፍርም። ቀዩ ከነጩ ቀጥሎ እንዲመጣ፣ ሰማያዊው የት እንዲገባ የወሰነችው የማሳይ ሴት እንጂ ቼክ አገር ያለ ፋብሪካ አይደለም። በርበሬም እኮ ከአሜሪካ ነው የመጣው፤ ዶሮ ወጥ የሜክሲኮ ነው የሚል ካለ ይምጣና እናቴን ያነጋግር።

የቼክ ዶቃ ካነሳሁ አይቀር፣ ያብሎኔትስ የተባለችው የዶቃ ከተማ ታሪክ አይታለፍም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጀርመንኛ ተናጋሪዎቹ ባለሙያዎች ከዚያ ተባረሩ። ከፊሎቹ ባቫሪያ ውስጥ በፈራረሰ የፈንጂ ፋብሪካ ላይ ሰፈሩ። የከተማቸውን የጀርመንኛ ስም አዲስ የሚል ጨምረው አወጡለትና ፈንጂ ይሠራበት በነበረው ቦታ እንደገና ዶቃ መሥራት ጀመሩ። አገር ያጣ ሰው መጀመሪያ የሚተክለው ነገር ምን ይሆን ስትሉ፣ የእነዚህ ሰዎች መልስ ይህ ነው።

ባለፈው ክረምት ከሽሮ ሜዳ ወደ አራት ኪሎ በሚወርድ ታክሲ ውስጥ ተቀምጫለሁ። ከፊት መስታወቱ ላይ የሾፌሩ መቁጠሪያ ይወዛወዛል። ከኋላዬ ያለው ሰውዬ ሙስበሃውን በጣቱ እያንከባለለ ነው። ሁለቱም ከመንገዱ ጉድጓድ ጋር እኩል ይንቀጫቀጫሉ። ነጠላ የለበሱ አንዲት እናት አጠገቤ አሉ፤ ጭናቸው ላይ ፌስታል። ሾፌሩ አንዱን ባጃጅ ሊያድን ፍሬን ሲይዝ ፌስታሉ ተቀደደና ስንቱ ቀለም ወለሉ ላይ ፈሰሰ። ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፤ ወንበር ሥር፣ ጫማ ውስጥ፣ በር ሥር። ታክሲው በሙሉ አጎነበሰ። ከረባት ያሰረው ሰውዬ በእስክሪብቶ ጫፍ ከስንጥቅ ውስጥ ያወጣል። ተማሪዋ በደብተሯ ትሰበስባለች። ረዳቱ እንኳ ሂሳብ መጠየቁን ትቶ ተንበረከከ።

በዚህ መሀል ከመጨረሻው ወንበር አንዲት ሴትዮ፣

«በስመ አብ! ጨሌ እኮ ነው! እንዳትነኩት!» አሉ።

እጅ ሁሉ ባለበት ቀረ። ከረባት ያሰረው ሰውዬ እስክሪብቶውን እንደ ትኩስ ነገር ጣለው። ተማሪዋ ደብተሯን ዘቅዝቃ የሰበሰበችውን ሁሉ መልሳ በተነችው። ረዳቱ እንደተንበረከከ ቀና ብሎ በጣም በትሕትና፣

«ማዘር፣ ይቅርታ... የቤት ነው እንዴ?»

«የምን ቤት?»

«ማለቴ... ቡና ተፈልቶ፣ ምናምን...»

«ዛር ነው ለማለት ነው?» አሉ እማማ ነጠላቸውን እያስተካከሉ። «አንተ ልጅ፣ ይሄ ላስቲክ ነው! ለልጅ ልጄ ሹሩባ ከሱቅ የገዛሁት ነው። ዛር ቢሆን በላስቲክ ይታለላል? ቀለሙን፣ ጠርዙን፣ ዓይነቱን ለይቶ ነው የሚያዘው! ልቀም ይልቅ!»

ተሳቀ፤ ለቀማውም ቀጠለ። የኋላዋ ሴትዮ ግን እስከ አራት ኪሎ እግራቸውን ከወለሉ አንስተው ነው የሄዱት።

እማማ ያሉት እውነት ነው። ቤታቸው ዛር ይለመንበት የነበረ ሰዎች የሚያወሩትን የሰማ ያውቀዋል፤ አንዱ ቀይ ይላል፣ ሌላው ጥቁር ይላል፣ ያላዘዘው ከመጣለት ባለቤቲቱን ያስተኛታል። የዛሩን ልብ ማርኮ የሚመልሰው የታዘዘው ጨሌ ብቻ ነው። ስታንሌይ ይህን ቢሰማ ኖሮ ከኡጎጎ ሰዎች የሚብስ ደንበኛ በመኖሩ ይጽናና ነበር። አቴቴ የሚያከብሩ የኦሮሞ እናቶችም ጨሌያቸውን ከልጅ ልጅ ሲያወርሱ የኖሩት በዋጋው አይደለም። ጸሎቱም ቢሆን ያለ ዶቃ አልሆነለትም። የኛ መቁጠሪያ 41 ወይም 64፣ ሙስበሃው 33 ወይም 99፣ የሂንዱውና የቡድሃው 108። ሰማይ ቤት ቁጥር ይጠፋባቸዋል ብሎ የሰጋ ሰው ያለ ይመስላል። እንደ እውነቱ ከሆነ ግን ቁጥር የሚጠፋብን እኛ ነን፤ ጣት ሥራ ካልተሰጣት ሐሳብ ገበያ ይወጣል።

የመንግሥታትን መነሣትና መውደቅ የሚጽፉ ሊቃውንት በዚህ ነገር ላይ ቢጠመዱ ምን ነበር? በቅርብ ዓመታት ግን የጀመሩት አሉ። ከምሥራቅና ከደቡብ አፍሪካ 31 ሥፍራዎች የተሰበሰቡ፣ ከሰጎን እንቁላል ቅርፊት የተፈለፈሉ ከ1,500 በላይ ዶቃዎችን አንድ በአንድ ለክተው፣ የዛሬ 50,000 ዓመት ገደማ በሁለቱ አካባቢዎች የነበሩት ሰዎች አንድ ዓይነት ዶቃ ይሠሩ እንደነበር አሳይተዋል። በመሀላቸው ሦስት ሺህ ኪሎ ሜትር አለ። ስልክ የለ፣ መንገድ የለ፤ ፋሽን ግን ደርሷል።

የቢራ ጠጪዎችም ለዚህ ሙያ የሚያበረክቱት አለ። ጋና ውስጥ ክሮቦ የሚባሉት ሕዝቦች ባዶ ጠርሙስ ሰብረው እንደ ዱቄት ያልሙታል። ዱቄቱን በሸክላ ቅርጽ ማውጫ ጉድጓዶች ውስጥ ይሞሉና መሀሉ ላይ የካሳቫ ቅጠል አገዳ ይሰካሉ። እቶን ሲገባ ብርጭቆው ይያያዛል፤ አገዳው ተቃጥሎ አመድ ይሆናል፤ እሱ የነበረበት ቦታ የክር ማስገቢያ ቀዳዳ ሆኖ ይቀራል። ቀዳዳን በቅጠል የመሥራትን ብልሃት ያሰበው ሰው ቢገኝ ቡና ብጋብዘው ደስ ይለኛል። እኛ ጋ ደግሞ ኦሞ ወንዝ ዳር ዳሰነች ሴቶች የጠርሙሱን ቆርኪ ይፈልጉታል። ቆርኪው ይበሳል፣ በመደዳ ይሰካል፣ እንደ ሹሩባ ራስ ላይ ተደፍቶ ሲሄዱ ይንሿሿል። የተበላሸ የእጅ ሰዓት ማሰሪያም አብሮ ይገባል። ጊዜ የቆመበት ሰዓት ጌጥ ሲሆን ያየሁት እዚያ ፎቶግራፍ ላይ ነው። ቱሪስቶች ይህን ሲያዩ «ምስኪኖች፣ ቆርኪ አደረጉ» ይላሉ አሉ። ሦስት ሺህ ዶላር የሚያወጣ ካሜራ በአንገታቸው አንጠልጥለው።

ባለቤቴ በቅርቡ ዶቃ መሰካት ጀምራለች። ሐኪም ለጭንቀት ጥሩ ነው ብሏታል፤ የኔን ጭንቀት የጠየቀው የለም። ባዶ እግሬን መታጠቢያ ቤት መሄድ ትቻለሁ። እንዲያውም ትእዛዝ ተቀብዬ መርካቶ ወረድኩ። ባለሱቁ ወጣት ነው፤ ከጀርባው እስከ ጣራ ድረስ በዘለላ የተንጠለጠለ ዶቃ።

«ጋሼ፣ ለየት ነው የሚሄደው?» አለኝ፤ ለምን ነው የሚፈለገው አላለም።

«እንዴት ለየት?»

«ወደ ጂንካ ከሆነ ይሄን ቀይና ይሄን ሰማያዊ ነው የሚወስዱት። ቦረና ከሆነ ሌላ ነው። ለሹሩባ ከሆነ ላስቲኩ አለ። ለሠርግ ዕንቁ የሚመስለው። ይሄንን ግን» አለና ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ዶቃ የሞላ ማዳበሪያ በእግሩ ገፋ አደረገ፣ «ማንም የማይነካው ነው። አጎቴ ያምራል ብሎ አስመጣው፤ ይኸው ሁለት ዓመቱ። ደቡብ ወሰድነው፣ መለሱት። ሐረር ወሰድነው፣ ሳቁብን። ጋሼ፣ እርስዎ በኪሎ ቢወስዱልኝ በጣም ጥሩ አደርግልዎት ነበር።»

እፍኝ አንስቼ ወደ በሩ ብርሃን አሳየሁት። አያስጠላም። ሁለት ዓመት ሙሉ በአገር የተመለሰ ዶቃ ነው ብሎ አፍ ሞልቶ ስለተናገረም ደስ አለኝ፤ ነጋዴ እንዲህ እውነት ሲናገር ምን ጊዜ ሰምቼ?

«ምን ይሠራበታል?» አልኩት።

«እሱን እንኳ ጠይቆኝ የሚያውቅ የለም፣ ጋሼ።»

በዋጋው ተከራከርን። እሱ አጎቱን እያነሳ፣ እኔ ጡረታዬን እያነሳሁ። በመጨረሻ ግማሽ ኪሎ አስመዘንኩ። ሚዛኑ ላይ ሊያሟላ ከጎን ካለው ዘንቢል ጥቂት ቢጫ ሲጨምርበት ግን እጁን ያዝኩት።

«ቢጫውን አውጣው» አልኩት። «ቢጫ እኛ ሰፈር አይሄድም።»